የሰው ሰነድ የሞላበት ኮምፒውተር፦ ልሰርዝ ወይስ ላቆይ?

ፒያሳ ኮፒ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ ስጽፈው ረዘመ። ታገሱኝ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት ሥራ ቤት አለኝ። ትንሽ ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ላሚኔሽን፣ ክረምት ላይ ጉሙን ዝም ብሎ የሚያስገባ አንድ በር። ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ኮፒ አደርጋለሁ፣ ሲቪ እጽፋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፓስፖርት ኦንላይን እሞላለሁ፣ ፋይዳ አትማለሁ፣ የዲቪ ሰሞን ደግሞ ፎቶ አነሳለሁ።

ሰው ሲመጣ ምን ምን እንደሚሰጠኝ አስባችሁ ታውቃላችሁ? መታወቂያውን ብቻ አይደለም። ስልኩን ከፍቶ ይሰጠኛል። «ኮዱ መጣ መሰለኝ፣ አንተው አንብበው» ይላል። ኢሜይል ስከፍትለት «ፓስወርዱን አንተ ምረጥልኝ፣ አንተው ጋ ይቀመጥ» ይላል። የቴሌብር ፒኑን ጮክ ብሎ የሚነግረኝ አለ። ከጀርባው አምስት ሰው ተራ ይጠብቃል። «ኧረ ቀስ በል» ስለው «ምን አለኝና ይወስዱብኛል!» ብሎ ይስቃል። ሰልፈኛውም ይስቃል።

እኔም ሁሉን አስቀመጥኩ። ለክፋት አይደለም። ዴስክቶፑ ላይ «ደንበኛ» የሚል ፎልደር አለ፤ ውስጡ በዓመት፣ ከዚያ በስም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመቀጠር የመጡ ልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ ዓረብ አገር የሚሄዱ እህቶች ፓስፖርትና የሕክምና ወረቀት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የፍቺ ውሳኔ ሳይቀር። የማስቀምጠው ነገ ተመልሰው «ያቺን ሲቪ ስልኳን ብቻ ቀይርልኝ» ስለሚሉኝ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ሲደርስብን ከተማውን ለቀን ስንወጣ ከቤት ይዤ የወጣሁት ሁለት ነገር ነው። የልጄን ብርድ ልብስና ከኮምፒውተሩ የፈታሁትን ሃርድ ዲስክ። ዲስኩን በፌስታል ጠቅልዬ በሶው ከረጢት ውስጥ ቀበርኩት። ሚስቴ «በሶው ብቻውን ይበቃን ነበር» እያለች እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አላገጠችብኝ። ስንመለስ ኮፒ ማሽኑ የለም፣ በሩም የለም። ዲስኩ ግን አለ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ወር አልረሳውም። ዲግሪው የተቃጠለበት፣ የቤት ካርታው የጠፋበት፣ የልጁ የልደት ወረቀት የት እንደገባ የማያውቅ ሁሉ «አንተ ጋ አይጠፋም» ብሎ መጣ። ለስንት ሰው እንዳተምኩ አልቆጠርኩም። ሳንቲም አልተቀበልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ወር ኩራት ተሰምቶኛል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ባለፈው ወር አንዲት እናት መጡ። የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው፤ ከገራዶ ነው የሚመጡት። እሳቸው በማያውቁት መንገድ በስማቸው ሲም ካርድ ወጥቷል። በዚያ ቁጥር ሰው ተጭበርብሯል። ፖሊስ ጠርቶ መታወቂያዎን ለማን ሰጥተው ያውቃሉ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ፊቴ ቆመው የሰጡባቸውን ቦታዎች በጣታቸው ቆጠሩልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛዋን ጣት ያዙና ዝም አሉ። አምስተኛው እኔ ነኝ።

«አንተን አይደለም የምጠረጥረው ልጄ» አሉኝ።

ባይሉኝ ይሻል ነበር።

እኔ እንዳላደረግኩት አውቃለሁ። ከእኔ ቤት እንዳልወጣ ግን አላውቅም። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ ፓስወርድ የለውም። ረዳቴ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ደንበኛ ራሱ ፍላሹን ይሰካል። አምና ሲበላሽ ጥገና ቤት ሦስት ቀን አድሯል። በዚያ ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ዘንጦ የለበሰ ልጅ መጥቶ «የመታወቂያ ኮፒ በብዛት ካለህ በፍሬ እንገዛሃለን» አለኝ። አባረርኩት። ማታ ግን ይሄ ልጅ ከእኔ በፊት የጠየቃቸው ምን ብለውት ይሆን እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

እና ልሰርዝ? ከሰረዝኩ ነገ «ያስቀመጥክልኝን» ብሎ የሚመጣውን ምን ልበለው? ካስቀመጥኩስ እንዴት አድርጌ?


ሰርቨር ሩም (ኮምቦልቻ)

ሰላም ወንድሜ። እዚህ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አይቲ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ እመጣለሁ፤ ምናልባት አንተም ጋ ኮፒ አስደርጌ ይሆናል።

«ደንበኛ» የሚለው ፎልደር ትንሹ ጣጣህ ነው። እሱን ቢያንስ መኖሩን ታውቃለህ። የማታውቀውን ፈልግ። ሰው ፋይሉን የሚልክልህ በቴሌግራም ነው አይደል? ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቴሌግራም ያወረድከውን ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ያከማቸዋል። ሰውየው «ካተምከው በኋላ አጥፋው» ይልሃል፣ አንተም ከቻቱ ላይ ታጠፋለህ፣ ሁለታችሁም ደስ ብሏችሁ ትለያያላችሁ። ፋይሉ እዚያው ተቀምጧል። ስካነሩም የራሱን ጓዳ ይዟል፤ ያነሳውን በተራ ቁጥር እየሰየመ የሆነ ቦታ ይከምራል። ብሮውዘሩንም እይ። «ፓስወርዱን ላስቀምጥ?» ብሎ ሲጠይቅህ ለስንት ሰው «እሺ» ብለኸዋል?

እኔ ራሴ አንድ ቀን እዚህ ኮምቦልቻ አንድ ኮፒ ቤት የላኩትን ፋይል ስክሪኑ ላይ ስፈልግ የጎረቤቴን የላቦራቶሪ ውጤት አየሁ። ፈልጌ አይደለም፤ ስሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰውየውን ሰላም ስለው የማፍረው እኔ ነኝ።

ስለ መሰረዝ። ፋይል ስትሰርዝ ሪሳይክል ቢን ይገባል። ከዚያም ስታጠፋው ኮምፒውተሩ «ይሄ ቦታ ተለቅቋል» ብሎ ይመዘግባል እንጂ ፋይሉን አይነካውም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ከኢንተርኔት በነፃ በሚወርድ ፕሮግራም መልሶ ማውጣት ይቻላል። ቶሎ የሚያልቀው ፎርማትም ያው ነው። ስለዚህ አሮጌ ዲስክ «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ብለህ እንዳትሸጥ። የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ላዩ ላይ በሚጽፍ ፕሮግራም አጥፋው። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ዓይነት) ከሆነ ያ ዘዴ አያስተማምንም፤ እሱን ከመጀመሪያው ቆልፎ መያዝ ነው።

ለመቆለፍ፣ ዊንዶውስህ ፕሮ ከሆነ ቢትሎከር አብሮት አለ። ካልሆነ ቬራክሪፕት በነፃ አውርድ። የቆለፍክበትን ፓስወርድ ከረሳህ ግን በቃ፣ እኔም ልረዳህ አልችልም። ወረቀት ላይ ጻፈውና ቤት አስቀምጠው፣ ሱቅ እንዳይሆን። ዊንዶውሱን ሳትገዛ በአክቲቬተር ያነቃኸው ከሆነ ደግሞ (ያላደረገ ማን አለ!) በሩን ቆልፈህ መስኮቱን ከፍተህ ሊሆን ስለሚችል እሱንም አስብበት።

ለረዳትህ የራሱን አካውንት ክፈትለት፣ አድሚን ያልሆነ። ልጁን አላመንከውም ማለት አይደለም። ነገር የመጣ ቀን «እኔ አይደለሁም» ሲል የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። አሁን አንተ ራስህ ያጣኸው እኮ እሱን ነው።


ቆሎ በሊታ

ሁላችሁም ስለ ዲስክ ታወራላችሁ። እኔ ትናንት ቧንቧ ውኃ ጋ ቆሎ ገዛሁ። በልቼ ስጨርስ መጠቅለያውን ዘረጋሁት። የሰው መታወቂያ ኮፒ! ቀለም በዝቶበት ግማሽ ፊቱ ጠቁሯል። ሙሉ ስም ግን ይነበባል፣ የእናት ስም ይነበባል፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስልክ ይነበባል።

ከአንተ ቤት ነው የወጣው አላልኩም። የተበላሸ ኮፒ ግን የት ነው የምትጥለው?


ፒያሳ ኮፒ

ተያዝኩ።

አንዲት ቆሎ ሻጭ በየማታው ትመጣለች። የተበላሸውን ሰብስቤ እሰጣታለሁ። ለእሷ መጠቅለያ ነው፣ ለእኔ ጽድቅ ነበር።


የሐይቅ ልጅ (ጅዳ)

አሰላሙ ዐለይኩም። ወንድሜ አብሽር። ግን በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሁሉን አትሰርዝ።

እኔ የመጣሁ ዕለት ፓስፖርቴን አሠሪዬ ተቀበለችኝ። ሁለት ዓመት በዓይኔ አላየሁትም። ከዚያ ቤት ስወጣ እኔ እኔ ነኝ የሚል አንድ ወረቀት አልያዝኩም። ቆንስላ ሄድኩ፤ የፓስፖርት ቁጥርሽ ስንት ነው አሉኝ። ቁጥር በቃሉ ማን ይይዛል? እናቴ የፓስፖርት ፎርሜን የሞላልኝን ኮፒ ቤት ፈልጋ ሄደች። ልጁ በስሜ ፈልጎ አገኘውና በዋትሳፕ ላከልኝ። ወላሂ ፎቶዬን ሳየው የሞተ ዘመድ ያገኘሁ ይመስል ነው ያለቀስኩት።

ልዋሽህ ደግሞ አልፈልግም። ያው ልጅ ደላላው ሲጠይቀውም ሰጥቶት ነበር። የእናቴ ስልክ ፎርሙ ላይ አለ። ደላላው እየደወለ «ልጅሽ ታስራለች፣ ገንዘብ ላኪ» እያለ ሦስት ወር አስጨነቃት። ልጁን ስንጠይቀው «የአንቺ ሰው መስሎኝ» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። ለጠየቀው ሁሉ እሺ ነው የሚለው። እስካሁን ልረግመው ወይ ልመርቀው አላውቅም።


ሰርቨር ሩም

እህቴ፣ ያዘንኩልሽን አላህ ያውቃል። ግን መፍትሔው ኮፒው አንቺ ጋ መሆኑ አይደለም? ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ልከሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ።


የሐይቅ ልጅ (ጅዳ)

ስልኩንስ መቼ ተውልኝ። የአገር ቤቱ ሲም ደግሞ ተዘግቷል፤ ቴሌግራም ኮድ ልላክልሽ ሲለኝ የት ይላክ?


ሰርቨር ሩም

ልክ ነሽ፣ እሱን አላሰብኩትም። እንግዲያው ኢሜይል። ፓስወርዱ በቃልሽ የምትይዢው ረጅም ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ አንቺና እናትሽ ብቻ የምታውቁት። ከማንኛውም ስልክ ይከፈታል። ፒያሳ ኮፒ፣ ለሚሄዱት እህቶች ይሄን ብታደርግላቸው ጥሩ ነው፤ ፓስወርዱን ራሳቸው ይጻፉ፣ አንተ ፊትህን አዙር። አዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት ተጨማሪ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ስለሚችል መጠባበቂያው የእናት ስልክ ይሁን እንጂ የእነሱ አይሁን። የአንተም እንዳይሆን!


ሸዋ በር

የሕግ ሰው ነኝ። ቡና ላይ እንደምናወራው ውሰዱት እንጂ ምክር ሰጠኝ ብላችሁ እንዳትከሱኝ።

ሕጉ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። «እሱ ለባንክና ለቴሌ ነው» የሚል ሰው አያጣም፤ እንዳትዘናጋ፣ የሰው መረጃ በሥራህ ይዘህ እስከተገኘህ ድረስ አንተንም ይመለከታል። ለአንተ የሚጠቅምህ ሐሳብ ቀላል ነው። መረጃውን የወሰድከው ለምን ሥራ ነው? ለዚያ ሥራ ብቻ ተጠቀምበት። ሥራው ሲያልቅ አትያዘው። ይያዝልኝ ካለ ራሱ ይበል። የእህቶች የሕክምና ወረቀት ደግሞ ከሌላው በበለጠ ጥንቃቄ የሚያዝ ነው። መረጃ ከእጅህ ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ የሚል ግዴታም አለ። አንተ ግን መውጣቱን እንኳ የምታውቅበት መንገድ የለህም፤ ስለዚህ ሰርቨር ሩም ስለ አካውንት ያለህን ቀድመህ ሥራ።

ፋይዳ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 12 አሃዙ ቁጥር የባለቤቱ ምሥጢር ነው። ለሌላ ሰው የሚሰጠው 16 አሃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር ነው። ስታትምላቸው ይሄን ንገራቸው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን አይለይም።

ከሕጉ ይልቅ እኔን ያብሰለሰለኝ ሌላ ነው። አንተ የያዝከው አደራ ነው። ጀማው «አማና» ይለዋል። አደራ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥም ራሱን የቻለ ውል ነው። አያቶቻችን ብር፣ ጥይት፣ ከብት አደራ ያስቀምጡ ነበር። ባለቤቱ ሲመጣ ትመልሳለህ፣ እጅህ ባዶ ይሆናል፣ አለቀ። የስካን አደራ ግን መልሰኸውም እጅህ ላይ ይቀራል። ዓረብ አገር ለሄደችው ልከህላት አንተ ጋ አለ፣ ጥገና ቤት አለ፣ ፍላሹ ላይ አለ። አንድም ነገር ሳትሰርቅ አደራ በላ ልትባል ትችላለህ። እኚያ እናት አምስተኛ ጣታቸው ላይ ዝም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።


ሆጤ ሠፈር

ይሄን ያህል ማካበድ ምን ይባላል? ደሴ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል። የማይታመን ኮፒ ቤት ደንበኛ አይኖረውም፣ በሦስት ወር ይዘጋል። ሰው አምኖህ መጣ፣ ሥራህን ሥራ።


ሸዋ በር

ሁሉም ስለሚተዋወቅ ነው እኮ የሚብሰው። የፍቺ ውሳኔህን ያየው ረዳት የሚስትህ የአክስት ልጅ ነው።


ፒያሳ ኮፒ

ሁለት ሳምንት ጠፋሁባችሁ። ሥራ ላይ ነበርኩ።

እሁድ ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰርቨር ሩም፣ ያልከውን ፎልደር ከፈትኩት። አራት ሺህ ምናምን ፋይል። እኔ «ደንበኛ» ብዬ በሥርዓት ካስቀመጥኩት ይበልጣል! አንድ በአንድ እያየሁ ልለይ ብዬ ጀመርኩና አንድ የማውቀው አስተማሪ የብድር ወረቀት ላይ ስደርስ ተውኩት። ማየቱ ራሱ ደስ አላለኝም። ያንን ፎልደር እንዳለ አጠፋሁት፣ ላዩም ላይ አስጻፍኩበት።

«ደንበኛ» ውስጥ ያለውን ግን በአንዴ አልቻልኩም። ስልካቸው ያለኝን ደወልኩ። «እኔ ጋ ያለውን ላጥፋው ወይ?» ነው ጥያቄው። አንዳንዱ «ምነው፣ ምን ተፈጠረ?» ብሎ ደነገጠ። አንዱ «አንተ ጋ ካልሆነ የት ሊሆን ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። አንዷ ልጅ ደግሞ ዝም ብላ ቆየችና «እስካሁን አለ እንዴ?» አለች። እሷን ስሰማ ጆሮዬ ጋለ። ይቆይልኝ ያሉትንና የጦርነቱን ጊዜ የትምህርት ማስረጃ ቆልፌ ዲስኩን ቤት ወሰድኩት። የሚፈልገው ሰው ቀድሞ ይደውላል፣ በማግሥቱ ይመጣል። እየተነጫነጩ ለምደውታል።

ደብተርም ነበረኝ። የሰው ኢሜይልና ፓስወርድ የምጽፍበት። አትስደቡኝ። ባለቤቶቹን እየደወልኩ አስቀየርኳቸውና ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ትናንት እኚያ እናት መጡ። የሲሙ ጉዳይ ገና አልተቋጨም። የመጡት ልጃቸው የላከችላቸውን ውክልና ኮፒ ለማስደረግ ነው። ስካን አድርጌ፣ አትሜ፣ ሰጠኋቸው። ገንዘቡን ከፈሉ። ይሄዳሉ ስል አልሄዱም።

«አሁን እዚህ ውስጥ ቀረ?» አሉ፣ ኮምፒውተሩን በአገጫቸው እያሳዩኝ።

«አጠፋዋለሁ እትዬ።»

«አጥፋው እስቲ፣ እያየሁ።»

ስክሪኑን አዞርኩላቸው። ማንበብ አይችሉም። የማኅተሙን ክብ ግን በትንሿ ምስል ላይ ለይተው በጣታቸው ነኩት። ሰረዝኩ። «ሄደ?» አሉ። ይሄዱልኛል ብዬ አዎ ልል ነበር። ከዚያ ሪሳይክል ቢኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። «ውይ፣ እዚህም ተደብቋል!» ብለው ሳቁ። ከዚያም አጠፋሁት። ላዩ ላይ ስለሚጽፈው ፕሮግራም ማስረዳት ስጀምር «በል ይበቃል» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

አሁን ለደንበኛ ሁሉ ስክሪኑን አዞራለሁ። ሰልፉ ረዝሟል። ረዳቴ ሰልችቶታል።

አንድ የቀረኝ ወረቀቱ ነው። ወረቀት የሚበጣጥስ ማሽን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚሸጥበት ያያችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። እስከዚያ በእጄ እየቀደድኩ ነው። ቆሎ ሻጯ አኩርፋኛለች።